ታርሶ በተተወ መሬት ላይ ዛፍ ሲተከል፦ ቁፋሮው ነባሩን ዕፅዋት ምን ያደርገዋል?

ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ፣ ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ባሉ ተዳፋቶች የሚጓዝ ሰው በአንድ ወቅት ሲታረሱ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ማረሻ የማይነካቸው መሬቶችን ያያል። የድንጋይ ካባቸው በከፊል ፈርሷል፤ ድንበራቸው በእሬትና በቁልቋል ይታወቃል፤ አፈራቸው ታጥቦ ጠጠሩ አግጥጧል። ክረምት ሲቃረብና የችግኝ ተከላ ቦታ ሲመረጥ ቀድመው የሚታሰቡት እነዚህ መሬቶች ናቸው። በዕቅድ ቅጽ ላይም ብዙ ጊዜ «ባዶ መሬት» ተብለው ይሞላሉ።

ቀረብ ብሎ ላስተዋላቸው ግን ብዙዎቹ ባዶ አይደሉም። ሣር ይዘዋል፤ ቁጥቋጦ ጀምሯቸዋል፤ ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ የነገው ዛፍ ቡቃያ ተደብቋል። ችግኝ ከመድረሱ በፊት ወደ ቦታው የሚደርሰው ዶማና አካፋ ነው። ቁፋሮው በአግባቡ ከተሠራ ደረቁን መሬት ያነቃዋል፤ ያለቦታው ከተሠራ ግን መሬቱ በራሱ ለዓመታት ያበቀለውን በአንድ ሳምንት ዘመቻ ያጠፋዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ የሚለያዩበትን ምክንያት፣ አርሶ አደሩም ሆነ ለተከላ የሚወጣው የከተማ ነዋሪ ከመቆፈሩ በፊት ማየት የሚገባውን ያብራራል።

መሬቱ ለምን ተተወ? ከተተወስ በኋላ ምን ይበቅልበታል?

በደረቅ አካባቢ የእርሻ መሬት የሚተወው በአብዛኛው አፈሩ ከማለቁ የተነሳ ነው። ተዳፋት መሬት ለብዙ ዓመታት ያለ በቂ እርከን ሲታረስ የላይኛው ለም አፈር በየክረምቱ ይታጠባል፤ ምርቱ የዘሩን ያህል እንኳ መመለስ ሲያቅተው ባለቤቱ ይተወዋል። ሌላው ምክንያት የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚመረተው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራበት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በማኅበረሰብ ስምምነት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረጉ ተፋሰሶችም በውስጣቸው ብዙ የድሮ እርሻ ይይዛሉ።

መሬቱ ካረፈ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት የሚገኑት እንደ መጭ ያሉ የእርሻ ቦታ አረሞችና አደይ አበባን የመሳሰሉ የአንድ ወቅት ዕፅዋት ናቸው። ቀጥሎ ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ ይይዛል፤ አክርማና ሰንበሌጥ በየቦታው ይነሳሉ። ከዚያ እንደ ክትክታ፣ ደደሆ፣ አጋምና መንተሴ ያሉ ቁጥቋጦዎች ይከተላሉ፤ ግራርም ብቅ ይላል። ወይራን የመሰሉ ዘገምተኛ ዛፎች ጥላና መጠለያ ካገኙ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ይህ ጉዞ በዝናብ አጠር አካባቢ አዝጋሚ ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት የማረሻ ንጣፍ ነው። የበሬ ማረሻ በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥልቀት ላይ ሲመላለስ፣ ከላይኛው 10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው አፈር ይጠቀጠቃል፤ ሥርም ውሃም በቀላሉ አያልፉትም። ሁለተኛው የገጽ ቅርፊት ነው። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈርን ሲደበድብ ደቃቁ ክፍል ተለጥፎ ይደርቃል፤ ዘር ቢወድቅ አይይዝም፣ ውሃ ቢዘንብ አይሰርግም። ሦስተኛው የዘር ድህነት ነው። ለዘመናት የታረሰ መሬት በአፈሩ ውስጥ የቀሩት ዘሮች በአብዛኛው የአረም ናቸው፤ የዛፍና የቁጥቋጦ ዘር ከአጎራባች ደን፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በወፍ፣ በነፋስና በጎርፍ መምጣት አለበት። የአፈር ዝግጅት ጠቃሚ የሚሆነው ከእነዚህ እንቅፋቶች አንዱን ሲያነሳ ነው።

የአፈር ዝግጅት ዓይነቶችና የሚነኩት ስፋት

ለዛፍ ተከላ የሚደረገው ቁፋሮ ከአንድ ዓይነት በላይ ነው። ቀላሉ ተራ የተከላ ጉድጓድ ነው። ሁለተኛው ከበላይ የሚመጣውን ውሃ የሚያቁር፣ በታችኛው ጎኑ የአፈር ወይም የድንጋይ ክትር ያለው የግማሽ ጨረቃ ወይም የቅንድብ ቅርጽ ማቆሪያ ነው። ሦስተኛው ትሬንች ሲሆን፣ የመሬቱን ልክ ተከትሎ የሚቆፈር ረዘም ያለ ቦይ ነው። አራተኛው ተዳፋቱን ሙሉ በሙሉ የሚገለብጠው በቡልዶዘር ወይም በትራክተር የሚሠራ እርከን ነው።

የሚነኩትን ስፋት በቀላል ስሌት ማነጻጸር ይቻላል። በአንድ ሄክታር ላይ ጎንና ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በሁለት ሜትር ርቀት ቢቆፈር 2,500 ጉድጓድ ይሆናል፤ የሚቆፈረው መሬት 400 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሄክታሩ 4 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ጨረቃ ከነክትሩ 3 ካሬ ሜትር ቢይዝ፣ 500 ግማሽ ጨረቃ 15 በመቶውን ይነካል። ሦስት ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ትሬንች፣ የወጣው አፈር የሚከመርበትን እኩል ስፋት ጨምሮ 3 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ በሄክታር 700 ቢሠራ 21 በመቶ ይሆናል። በቡልዶዘር እርከን ግን ከግማሽ በላይ የሆነው መሬት ይገለበጣል፤ በእርከኖቹ መካከል የሚቀረውም ቢሆን በሚወርደው አፈር ይሸፈናል።

በዚህ ላይ የሚጨመር ግን በስሌት የማይታይ ነገር አለ። ቆፋሪው የሚቆምበት፣ ችግኝ የሚጫንበትና የሚራገፍበት፣ ድንጋይ የሚለቀምበት ቦታ ሁሉ ይረገጣል። «ለመቆፈር እንዲመች» ተብሎ አስቀድሞ የሚመነጠር ቁጥቋጦ ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከጉድጓዱ ስፋት እጅግ ይበልጣል።

ቁፋሮ የሚጠቅመው መቼ ነው?

ቅርፊት በያዘ፣ ሣር ባልቆመበት መሬት ላይ ማቆሪያ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 10 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ግማሽ ጨረቃ ከበላዩ 8 ካሬ ሜትር ባዶ መሬት ቢኖረውና ከወረደው ዝናብ ግማሹ ቢንሸራተት፣ በአንድ ዝናብ 40 ሊትር ይጨምርለታል። ቁፋሮው የማረሻውን ንጣፍ ከሰበረ ይህ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ድንገት ቢቋረጥ እንኳ ችግኙን ያቆየዋል።

ተጠቃሚው የተተከለው ችግኝ ብቻ አይደለም። ጎርፍ ይዞት የሚወርደው ደቃቅ አፈር፣ ቅጠል፣ የፍየልና የበግ በጠጥ እንዲሁም የዱር ዘር በማቆሪያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በባዶ መሬት ላይ በተሠራ ማቆሪያ ዙሪያ ሣርና ቁጥቋጦ ቀድሞ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ጎን ይስፋፋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በቡርኪና ፋሶ «ዛይ» የሚባለው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው አርሶ አደር ያኩባ ሳዋዶጎ፣ ቅርፊት ይዞ በተተወ መሬት ላይ በበጋ ትንንሽ ጉድጓዶችን እየቆፈረ ፍግ ይጨምርባቸው ነበር። ፍጉ ምስጦችን ይስባል፤ ምስጦቹ መሬቱን ሲፈለፍሉ ውሃ መስረጊያ ያገኛል። ጉድጓዱ የተቆፈረው ለማሽላና ለዘንጋዳ ቢሆንም በፍጉ ውስጥ የነበረው የዱር ዘርም አብሮ በቀለ፤ ሳዋዶጎም ቡቃያውን ሳይነቅል ጠበቀው። ከጊዜ በኋላ እርሻው አጠገብ ደን ቆመ። ቁፋሮው የሠራው መሬቱ ከቁፋሮው በፊት ምንም ማብቀል ያቃተው ስለነበረ ነው።

ቁፋሮ የሚጎዳውስ መቼ ነው?

ሣርና ቁጥቋጦ በያዘ መሬት ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። በመጀመሪያ፣ ሣር ያለበት ተዳፋት ዝናቡን ራሱ ያሰርጋል፤ ወደ ማቆሪያው የሚንሸራተተው ውሃ ጥቂት ነው። የተቆፈረው ግማሽ ጨረቃ እምብዛም አይሞላም፤ ጥቅሙ ሲያንስ የነቀለው ሣር ግን ተነቅሏል። ማቆሪያው እንዲሞላ ተብሎ በላዩ ያለው ሣር ቢመነጠር ደግሞ መሬቱ ሆን ተብሎ ወደነበረበት ባዶነት ይመለሳል።

ሁለተኛው ጉዳት የአፈር መገልበጥ ነው። በደረቅ መሬት ያለው ለምነት በአብዛኛው ከላይ ባሉት ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ተወስኗል፤ ዘርም፣ የበሰበሰ ቅጠልም፣ አፈርን የሚያያይዙት ጥቃቅን ሕይወታውያንም እዚያው ናቸው። ጥልቅ ቁፋሮ ይህን ቀብሮ ነጩን ወይም ጠጠራማውን ውስጠኛ አፈር ወደ ላይ ያወጣዋል። በወጣው አፈር ላይ ቀድመው የሚበቅሉት የተረበሸ ቦታ የሚወዱ አረሞች ናቸው። ቅንጬ አረም ባለበት አካባቢ አዲስ የተቆፈረ አፈር ለእርሱ የተዘጋጀ መደብ ነው።

ሦስተኛው የአፈር መሸርሸር ነው። የመሬቱን ልክ ያልጠበቀ ትሬንች ውሃውን ወደ አንድ ጥግ ይሰበስባል፤ ክትሩ ሲጣስ በበታቹ ያለውን ሁሉ ተራ በተራ እያፈረሰ ቦረቦር ይጀምራል። እንዲህ ያለው መሬት ከመቆፈሩ በፊት ከነበረው ይልቅ የከፋ ይሆናል።

የደቡብ ምሥራቅ ስፔን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዝናብ አጠር በሆኑት በሙርሲያና በአሊካንቴ አካባቢዎች በቡልዶዘር እርከን እየተሠራ የአሌፖ ጥድ በስፋት ተተክሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአውሮፓ ኅብረተሰብ ደንብ ቁጥር 2080 ደግሞ በእርሻ መሬት ላይ ደን ለሚተክሉ ገበሬዎች ድጎማ ፈቀደ። በዚያ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ እርከኑ በተሠራባቸው ተዳፋቶች የአፈር መከላቱ ካልተነካው ቁጥቋጧማ መሬት በልጦ ተገኝቷል፤ በጥዱ ሥርም የአካባቢው ነባር ቁጥቋጦዎች እንደተጠበቀው አልተመለሱም። ዛፍ ቆሟል፤ ዕፅዋቱ ግን ደኸይቷል።

ከቻይና የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ቁፋሮንና የተተከለውን ዛፍ ለይቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ተዳፋት እርሻን ወደ ደንና ሣር የመመለስ መርሐ ግብር በሎይስ አምባ ሰፊ መሬት አልብሷል፤ የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ማቆሪያዎችም በብዛት ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ዝናብ ባነሰባቸው ክፍሎች ብዙ ውሃ የሚፈልጉ ዛፎች ተጠጋግተው በተተከሉበት ቦታ ጥልቁ አፈር ደርቋል። ማቆሪያው ያመጣውን ውሃ ዛፉ ከሚገባው በላይ ጠጥቶታል ማለት ነው። በእኛም አገር ባሕር ዛፍን ያለ መጠን አጠጋግቶ በደረቅ ተዳፋት ላይ መትከል ተመሳሳይ ሥጋት አለው።

ቁጥቋጦው ሞግዚት ነው

በትግራይ በተከለሉ ተዳፋቶች ላይ በወይራ መመለስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለተከላ ዝግጅት ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አሳይተዋል። የወይራ ቡቃያ በብዛት የተገኘው በግላጩ ሳይሆን በግራርና በደደሆ ቁጥቋጦ ሥር ነበር። ቁጥቋጦው ፀሐይን ያበርዳል፤ እርጥበት ይይዛል፤ እሾሁና ቅርንጫፉ የፍየልን አፍ ይከለክላል። ወይራውን የበሉ ወፎችም ዘሩን የሚጥሉት ባረፉበት ቅርንጫፍ ሥር ነው።

ስለዚህ ቦታ ለማጽዳት ተብሎ የሚቆረጥ ቁጥቋጦ ማለት በሥሩ ያለውን ወይራ ሞግዚት መንሳት ነው። የሚሻለው ተቃራኒው ነው፤ ችግኙን ከቁጥቋጦው አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚጋርደው ጎን መትከል።

ከዚህም በላይ ነባሩ ዕፅዋት ጥቅም አልባ አይደለም። ሰንበሌጥ የጎጆ ክዳን ነው፤ አክርማ ለስፌት ይውላል፤ ክትክታ ለማገዶና ለአጥር ያገለግላል፤ መንተሴ የንብ ቀሰም ነው። በላስታና በዋግ ነጭ ማር የሚቆርጥ ቤተሰብ በተዳፋቱ ላይ የሚያብበውን ቁጥቋጦ ቢያጣ፣ ኪሣራው ችግኙ አድጎ እስኪተካው ድረስ ለዓመታት ይዘልቃል። ታጭዶ የሚወሰድ የሣር ድርሻ ያላቸው አባወራዎችና እማወራዎችም እንዲሁ። የታችኛው ተፋሰስ የከተማ ነዋሪም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም፤ ከተዳፋቱ የሚነቀለው አፈር የሚያርፈው በግድቡና በውሃ ማፋሰሻ ቦዩ ውስጥ ነው።

ከመቆፈር በፊት፦ መሬቱ ከሦስቱ የትኛው ነው?

ውሳኔውን ቀላል ለማድረግ መሬቱን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። ለዚህ በጣም ተስማሚው ጊዜ ዕፅዋቱ ሙሉ በሙሉ የሚታይበት መስከረም ነው፤ በግንቦት ደርቆ የሚታይ ሣር ባዶ መሬት ሊመስል ይችላል።

አንደኛው፣ ሣርና ቁጥቋጦ አብዛኛውን ገጽ የሸፈነበት መሬት ነው። በዚህ ላይ ዋናው ሥራ መከለልና መጠበቅ ነው። ተከላ ካስፈለገ በቁጥቋጦ መካከል በሚገኙ ክፍተቶች ብቻ፣ በትንሽ ጉድጓድ፣ ዘራቸው በአካባቢው የጠፋ አገር በቀል ዛፎችን ማስገባት ይበቃል። ትሬንች አያስፈልገውም።

ሁለተኛው፣ ሣሩ ተበታትኖ የቆመበትና በመካከሉ ቅርፊት የያዘ ባዶ ቦታ ያለበት መሬት ነው። ግማሽ ጨረቃና የቅንድብ ማቆሪያ የሚፈለጉት እዚህ ነው። ነገር ግን በባዶው ቦታ ላይ እንጂ በሣሩ ላይ አይደለም። በገመድ የተለካ እኩል ርቀት ለመጠበቅ ሲባል ሣር ከመንቀል ርቀቱን አዛንፎ ሣሩን ማዳን ይመረጣል።

ሦስተኛው፣ አፈሩ ተጠርጎ ዓለቱ የወጣ ወይም ቦረቦር የጀመረው መሬት ነው። እዚህ ዛፍ መጀመሪያ አይመጣም። ከበላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያረግቡ ትሬንችና የድንጋይ ክትር፣ ቀጥሎ ሣር፣ አፈር ሲጠራቀም ደግሞ ዛፍ የሚለው ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት።

ቁፋሮው አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ

አስቀድሞ መቆፈር፦ ጉድጓድና ማቆሪያ ከክረምቱ አንድና ሁለት ወር ቀድመው ቢዘጋጁ የመጀመሪያው ዝናብ ይሰርግባቸዋል። በተከላው ዕለት ተቆፍሮ በዚያው ዕለት የሚተከል ችግኝ ይህን እርጥበት አያገኝም።

ልክ መጠበቅ፦ ትሬንችና ማቆሪያ በውሃ ልክ ወይም በኤ-ፍሬም ተለክተው በተዳፋቱ አግድም መሠራት አለባቸው። በዓይን ግምት የተቆፈረ ቦይ ውሃን ከመያዝ ይልቅ ይመራዋል።

አፈርን መለየት፦ የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጥ። ሲተከል የላይኛው አፈር ወደ ሥሩ ይመለሳል፤ የታችኛው ክትሩን ይሠራል።

ሣሩን አለመጣል፦ በቁፋሮ የተነሳ የሣር ጉንጉን ከነሥሩ በክትሩ ላይ ቢተከል ክትሩን ያጠብቃል። የደረቀ ሣርና የእሾህ ቅርንጫፍ በባዶ አፈር ላይ ቢነጠፍ ደግሞ የዝናቡን ድብደባ ያበርዳል፤ ዘርም ይይዛል።

አረም በልክ መንቀል፦ ችግኙን ከሣር ፉክክር ለማዳን በዙሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ማጽዳት ይበቃል። መላውን ቦታ መኮትኮት መሬቱን ዳግም እርሻ ማድረግ ነው።

ከንክኪ መጠበቅ፦ ከብት በሚውልበት መሬት ላይ ምርጥ ቁፋሮ እንኳ ፍሬ አይኖረውም። ማን እንደሚጠብቅ፣ ሣሩ መቼና ለማን እንደሚታጨድ በመተዳደሪያ ደንብ ከቁፋሮው በፊት መወሰን አለበት።

ውጤቱ እንዴት ይለካል?

በተለምዶ የተከላ ውጤት የሚነገረው በተተከለና በጸደቀ ችግኝ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር አስፈላጊ ቢሆንም መሬቱ ማገገሙን ብቻውን አይናገርም። ችግኙ ሁሉ ጸድቆ በመካከሉ ያለው መሬት ሊራቆት ይችላል፤ ግማሹ ችግኝ ደርቆ መሬቱ በሣርና በቁጥቋጦ ሊሸፈንም ይችላል።

ማንኛውም የተፋሰስ ኮሚቴ ያለ ወጪ ሊሠራው የሚችል መለኪያ አለ። ከመቆፈሩ በፊት ከተዳፋቱ ላይ እስከ ታች የሚደርስ አንድ ጠባብ ሰቅ ምንም ሳይቆፈርበት ይተው፤ አጥሩና ጥበቃው ግን እንደሌላው ይሁን። በየዓመቱ በመስከረም፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የገመድ አራት ማዕዘን በተቆፈረውና ባልተቆፈረው ላይ በተመሳሳይ ቦታዎች እየተዘረጋ፣ ምን ያህሉ በዕፅዋት እንደተሸፈነና ስንት ዓይነት ዕፅዋት እንዳሉ ይመዝገብ። ከአንድ ቋሚ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚነሳ ፎቶግራፍም ይረዳል።

ከሦስትና ከአራት ክረምት በኋላ የተቆፈረው ካልተቆፈረው ልቆ ከተገኘ ሥራው ለቀጣዩ ተዳፋት ይሰፋል። ያልተቆፈረው ልቆ ከተገኘ ደግሞ ያ መሬት የሚፈልገው አጥርና ጊዜ ብቻ እንደነበረ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ጉልበትም ወደሚያስፈልገው ወደ ባዶው መሬት ይዞራል።